የኮምፒዩተሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ክበብ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተሰጠ ንግግር)

 

በዚህ ክበብ እስከ ዛሬ የተነጋገርነው ስለ ኡልፓን፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ኮምፒዩተር እንነጋገራለን። «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ ይገባኛል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው በእናንተ ቤት ነው፤ በውስጡ ያለውም የእናንተ ፎቶግራፍ፣ የእናንተ ሰነድ፣ የእናንተ ደብዳቤ ነው። የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ደግሞ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ አንድ ጥፋት ልናገር። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ የምነግራችሁም የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ያገለገለ ኮምፒዩተር አገኘንላቸው። ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንንበት፤ በነጻ የሚገኝና በአሮጌ ማሽን ላይም ደህና አድርጎ የሚሠራ ስለሆነ ነው። እናትየው ከጎንደር ይዘዋቸው የመጡትን ፎቶግራፎችና ወረቀቶች በስካነር እያነሣን በዚያ ውስጥ አስቀመጥንላቸው። ከእነዚህ አንዱ አገር ቤት ሳሉ ያረፉት የእናታቸው ፎቶግራፍ ነበር። ዋናው ፎቶግራፍ በጉዞ ላይ ውኃ ነክቶት ስለ ነበር ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ፤ የቀረው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ።

ልጃቸው በትምህርት ቤት የሮቦት ትምህርት ይከታተል ነበር። አንድ ቀን አርዱዪኖ የምትባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይዞ መጥቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ቢሰካት፣ ማሽኑ «ፈቃድ የለህም» ብሎ መለሰለት። እኔ ተጠራሁ። መሽቶ ነበር፤ ሌላም ቀጠሮ ነበረኝ። መርምሬ የሚያስፈልገውን ብቻ መስጠት ሲገባኝ፣ «ከእንግዲህ እንዳይቸገር» ብዬ ያገኘሁትን የፈቃድ ቡድን ሁሉ አንድ በአንድ ሰጠሁት። ሰሌዳዋ ሠራች። ልጁ ደስ አለው፤ እናትየውም መርቀው ሸኙኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ በአንዲት የማስታወሻ ካርድ ላይ አዲስ ሲስተም ሊጽፍ ትእዛዝ ሰጠ። በትእዛዙ ውስጥ የካርዱን ስም መጻፍ ሲገባው በአንድ ፊደል ተሳስቶ የኮምፒዩተሩን ዋና ዲስክ ስም ጻፈ። አንደኛው ስም በ«ኤ» ያልቃል፣ ሌላው በ«ቢ»፤ ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው። በደንቡ ቢሆን ኮምፒዩተሩ «ፈቃድ የለህም» ብሎ በመለሰው ነበር። ነገር ግን ያን በር ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ማሽኑ አንዳች ሳይጠይቅ ጻፈ።

ዲስኩን አዋቂ ዘንድ ወሰድነው። አዲስ ነገር ባልተጻፈበት ክፍል ላይ የነበሩት ፎቶግራፎች ተመለሱ፤ የአያትየው ፎቶግራፍ ግን አልተመለሰም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን ሁሉ ለመልቀም አልቻልኩም። እናትየው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ቁልፉን ስትሰጠው ምነው ለእኔ አልነገርከኝም?» ብቻ አሉኝ። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

የኮምፒዩተራችሁ ቋንቋ ዕብራይስጥ ከሆነ ፈቃድን «ሃርሻአ» ይለዋል። ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። ባንክ ቤት ሄዳችሁ የኤሌክትሪክና የውኃ ሂሳብ በየጊዜው ከሂሳባችሁ እንዲከፈል ስትፈርሙ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እርሱው ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ ብለን መክረናችሁ ነበር፦ ለማን ነው የምፈቅደው? ምን እንዲያደርግ ነው የምፈቅደው? እስከ መቼ ነው የምፈቅደው? ለኮምፒዩተርም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።

መሣሪያው እንደ ፋይል

ሊኑክስን በ1991 ማዘጋጀት የጀመረው በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ሐሳቡን ግን የወሰደው ዩኒክስ ከሚባል ከእርሱ ከቀደመ ሲስተም ነው፤ ዩኒክስን በ1969 በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ የጀመሩት ኬን ቶምፕሰን፣ ዴኒስ ሪቺና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች አንድ ብልህ ነገር አሰቡ። ዲስኩም፣ ኪቦርዱም፣ ካሜራውም፣ በሽቦ የሚሰካው መሣሪያም ለፕሮግራሞች እንደ ፋይል ሆኖ ይታይ አሉ። ፋይል ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይጻፍበታል። ካሜራውን ማየት «ማንበብ» ይሆናል፤ ወደ ሰሌዳዋ መልእክት መላክ «መጻፍ» ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ለወረቀት ፋይል የተሠራው የፈቃድ ደንብ ለመሣሪያውም ይበቃል።

እነዚህ የመሣሪያ ፋይሎች የሚገኙት «ዴቭ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ትእዛዞችን ከዚህ በታች የማሰፍረው በፊደላችን፣ እንደሚነበቡት አድርጌ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ልጆቻችሁ ሲያነቡላቸው ወዲያው ያውቋቸዋል።

የትእዛዝ መስኮቱን ከፍታችሁ «ኤል ኤስ» ብላችሁ፣ ቦታ ትታችሁ፣ ሰረዝና «ኤል» ጽፋችሁ የመሣሪያውን ፋይል ሙሉ ስም ብትጨምሩ አንድ መስመር ይወጣል። መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው።

የመጀመሪያዋ ፊደል «ሲ» ወይም «ቢ» ናት። «ሲ» ከሆነች መሣሪያው እንደ ወራጅ ውኃ ፊደል በፊደል የሚቀበልና የሚሰጥ ነው፤ ኪቦርድ፣ ካሜራና የሮቦት ሰሌዳ እንዲህ ናቸው። «ቢ» ከሆነች እንደ ዲስክ በክፍል በክፍል የሚያከማች ጎተራ ነው። «ቢ» ስታዩ ተጠንቀቁ፤ ንብረታችሁ ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ዘጠኝ ምልክቶች ይመጣሉ፤ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ክፈሏቸው። የመጀመሪያው ሦስት የባለቤቱ ፈቃድ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ሁሉ ነው። «አር» ማለት ማንበብ፣ «ደብሊው» ማለት መጻፍ፣ «ኤክስ» ማለት እንደ ፕሮግራም ማስኬድ ነው፤ ሰረዝ ካለ ግን ያ ነገር አልተፈቀደም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የባለቤቱ ስምና የቡድኑ ስም ይጻፋል። በመጨረሻም በሌላ ፋይል ላይ መጠኑ በሚጻፍበት ቦታ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው የሲስተሙ ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከተመሳሳዮቹ መካከል የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ይናገራል። «ኤስ ዲ ኤ» የሚባለው ዲስክ ለምሳሌ 8 እና 0 ነው።

ፈቃዱ በቁጥርም ይጻፋል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ለእያንዳንዱ ወገን ይደመራል። 660 ሲባል ባለቤቱ 4 ሲደመር 2፣ ቡድኑም 4 ሲደመር 2፣ ሌላው ግን ምንም የለውም ማለት ነው። ብዙዎቹ የመሣሪያ ፋይሎች የሚገኙት በዚህ በ660 ነው።

የዕድሩ ዕቃ

ይህን ለመረዳት ዕድርን አስቡ። ዕድሩ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው። ዕቃ ያዡ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል። አባል የሆነ ሰው ለኀዘንም ለድግስም ዕቃውን ወስዶ ይጠቀማል፤ አባል ያልሆነ መንገደኛ ግን ገብቶ ድስት አይወስድም። አንድ አባል ድንኳኑን ስለተጠቀመበት ደግሞ ድንኳኑ የግሉ አይሆንም።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ ዕቃ ያዡ «ሩት» ይባላል። የመሣሪያ ፋይሎች ባለቤት ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው፤ የፋይል ፈቃድ ሁሉ ለእርሱ ክፍት ነው። አባላቱ ደግሞ ቡድኑ ናቸው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የሮቦት ሰሌዳዋ ቡድን «ዳያልአውት» ይባላል፤ ስሙ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር እየደወለ ይገናኝ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ነው። የዲስኮች ቡድን «ዲስክ»፣ የካሜራ ቡድን «ቪዲዮ» ይባላል።

ኮምፒዩተሩ ፈቃድ ሲመረምር በተራ ነው። መጀመሪያ «ይህ ሰው ባለቤቱ ነው?» ይላል። ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ያያል። ካልሆነ «የቡድኑ አባል ነው?» ይላል፤ ከሆነ የቡድኑን ብቻ ያያል። ሁለቱንም ካልሆነ የሌላውን ሰው ፈቃድ ያያል። የኛ ልጅ ሰሌዳዋን ሊከፍት ሲሞክር የሆነው ይኸው ነው፦ ባለቤቱ ሩት ነው፣ ቡድኑ ዳያልአውት ነው፣ ልጁ ሁለቱንም አልነበረም፤ የሌላው ሰው ፈቃድ ደግሞ ባዶ ነበር። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ደንቡን ነው የጠበቀው።

ታዲያ ሲከለክላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፣ መልእክቱን አንብቡ። «ፈቃድ የለህም» እና «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ከሆነ መሣሪያው ስላልተሰካ፣ ሽቦው ስለተበላሸ ወይም ስሙ ስለተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃድ ብትጨምሩም አይፈታም።

ሁለተኛ፣ የመሣሪያውን መስመር አውጥታችሁ ቡድኑ ማን እንደሆነ እዩ። የሮቦት ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ «ቲ ቲ ዋይ ኤ ሲ ኤም» ወይም «ቲ ቲ ዋይ ዩ ኤስ ቢ» በሚል ስምና በቁጥር ይመጣል። የቡድኑን ስም እኔ ስላልኩ ሳይሆን በዓይናችሁ አይታችሁ ያዙ፤ በሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ስሙ ይለያያልና። አርች በሚባለው ላይ ለምሳሌ ይኸው ቡድን «ዩ ዩ ሲ ፒ» ነው።

ሦስተኛ፣ «አይ ዲ» ብላችሁ ጻፉ። በየትኞቹ ቡድኖች ውስጥ እንዳላችሁ ይዘረዝርላችኋል።

አራተኛ፣ የጎደለው ያ ቡድን ብቻ ከሆነ ሰውየውን በዚያ ቡድን ብቻ አስገቡት። ትእዛዙ «ሱዱ ዩዘርሞድ» ይልና ሰረዝ፣ ትንሿ «ኤ» እና ትልቁ «ጂ»፣ ከዚያ የቡድኑ ስም፣ ከዚያ የሰውየው የመግቢያ ስም ይከተላል። ትንሿን «ኤ» አደራ አትርሱ! እርሷ «ጨምር» ማለት ናት። እርሷ ከሌለች ሲስተሙ ሰውየውን ከሌሎቹ ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ያስወጣውና በዚህ ብቻ ያስቀረዋል። የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ በራሱ ላይ እንዲህ ካደረገ የአስተዳዳሪነት መብቱንም ሊያጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ ከዚያ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። የቡድን አባልነት የሚታየው በመግቢያ ጊዜ ስለሆነ አሁኑኑ ካልሠራ «አልሆነም» ብላችሁ ሌላ በር ለመክፈት አትጣደፉ። የብዙ ሰው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔም እዚህ ነበር።

የማይጠቅሙ አቋራጮች

አንዳንድ ወጣቶች «ሲ ኤች ሞድ» በሚባለው ትእዛዝ የመሣሪያውን ፈቃድ 777 ያደርጉታል። ይህ ለሁሉም ሰው ሁሉንም መፍቀድ ነው። አንደኛ ነገር፣ የመሣሪያ ፋይል ፕሮግራም ስላልሆነ «ማስኬድ» የሚለው ፈቃድ ምንም አይሠራለትም። ሁለተኛ ነገር፣ ድካሙ ከንቱ ነው። የዴቭ ፎልደር በዲስክ ላይ የተቀመጠ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በማስታወሻው ውስጥ ይሠራል፤ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። መሣሪያውን ስትነቅሉት ፋይሉ ይሄዳል፤ መልሳችሁ ስትሰኩት አዲስ ፋይል ከነመጀመሪያ ፈቃዱ ይመጣል። ባለቤቱን የሚቀይረው «ሲ ኤች ኦውን» የሚባለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የቀየራችሁት ነገ የለም።

የሚቆይ ለውጥ ከፈለጋችሁ መንገዱ ሌላ ነው። ከ2003 ጀምሮ «ዩዴቭ» የሚባል ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ አለ፤ መሣሪያ በተሰካ ቁጥር ደንብ አይቶ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና ፈቃዱን የሚወስነው እርሱ ነው። የራሳችሁን ደንብ «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ከዚያ «ዩዴቭ»፣ ከዚያ «ሩልስ ነጥብ ዲ» በሚለው ሥር ትጽፋላችሁ። እያንዳንዱ የዩ ኤስ ቢ መሣሪያ የአምራቹንና የራሱን መለያ ይዞ ይመጣል፤ «ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ» ብትሉ ሁለቱን ባለ አራት አራት ምልክት መለያዎች ታያላችሁ። ደንቡ «እነዚህ መለያዎች ያሉት መሣሪያ ሲመጣ ቡድኑ ይህ ይሁን፣ ፈቃዱም 660 ይሁን» ይላል። ከዚያ መሣሪያውን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትሰኩት ደንቡ ይሠራል። ለአንድ መሣሪያ አንድ ደንብ፤ ለማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይገኛል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ለወላጆች

ከሁሉ በፊት፦ ማንንም «ዲስክ» በሚባለው ቡድን አታስገቡ። የዚህ ቡድን አባል ዲስኩን በቀጥታ ያነብበዋል፣ ይጽፍበታልም። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ፈቃድ ቢኖረውም አያግደውም፤ በሩን ቆልፎ ግድግዳውን እንደማፍረስ ነው። እኔ ለዚያ ልጅ የሰጠሁት ይህን ነበር።

ቀጥሎ፦ ስለ ካሜራና ስለ ድምፅ። በዛሬዎቹ ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች በማሽኑ ፊት ተቀምጦ ለገባው ሰው ካሜራውና ድምፁ በራሳቸው ይፈቀዱለታል፤ ሲወጣም ፈቃዱ ይነሣል። በመስመሩ ላይ ከዘጠኙ ምልክቶች ቀጥሎ የመደመር ምልክት ካያችሁ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እንዳለ ይነግራችኋል። ስለዚህ ሰውን ያለ ምክንያት «ቪዲዮ» በሚለው ቡድን ማስገባት አያስፈልግም። የቡድኑ አባል በማሽኑ ፊት ባይቀመጥም እንኳ፣ ከሌላ ቦታ በመስመር ከገባ፣ የሳሎናችሁን ካሜራ ሊከፍት ይችላል።

በመጨረሻ፦ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ መግቢያ ስምና የራሱ «ሲስማ» ይኑረው። የአስተዳዳሪው ሲስማ ከቤቱ ታላላቆች በአንዱ እጅ ይሁን። ልጁ ከእናንተ የበለጠ ኮምፒዩተር ያውቅ ይሆናል፤ ቢሆንም ሲስማውን ሊጠይቃችሁ ሲመጣ «ለምንድን ነው? በየትኛው መሣሪያ ላይ ነው የምትጽፈው? ስሙን አሳየኝ» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን ጮክ ብሎ ሲያነብላችሁ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ያ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ የዚያችን እናት ፎቶግራፍ ሊያድን ይችል ነበር። ፈቃድ ስሕተትን እንጂ የዲስክን እርጅና አይከላከልምና፣ የምትሳሱለትን ነገር ሁሉ ሌላ ቦታም ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

ውድ ወገኖቼ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርኩት ነገር ቢኖር መምህር ስሕተቱን ደብቆ ማስተማር እንደማይችል ነው። ስለዚህ የእኔን ይዛችሁ ሂዱ፤ በየቤታችሁም «አይ ዲ» ብላችሁ ጽፋችሁ ማን ምን ቁልፍ እንደያዘ ዛሬ ማታ እዩ። «ዲስክ» የሚል ስም ካገኛችሁ ወደ ክበባችን ብቅ በሉ፤ አብረን እናነሣዋለን። በዚህ ጊዜ አልቸኩልም።